ከመለፈፍ ወደ ማወቅ፦ ሰፋፊ የኢተርኔት መረቦች የሚገነቡበት መንገድ

ኢተርኔት ሲፀነስ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችንና ማተሚያዎችን እንዲያገናኝ የታሰበ ቴክኖሎጂ ነበር፤ ዛሬ ግን ከመቶ ሺህ በላይ ሰርቨሮችን የያዙ የመረጃ ማዕከላትን፣ በየከተማው የተበተኑ የድርጅት ቅርንጫፎችን፣ ዩኒቨርሲቲዎችንና ሆስፒታሎችን ተሸክሞ ይገኛል። እንዲህ የተስፋፋበት ዋናው ምክንያት ቀላልነቱ ነው፤ ገመዱ ሲሰካ ማንም ምንም ሳያስተካክል ይሠራል። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥም የሚነሣው ከዚሁ ቀላልነት ነው። ኢተርኔትን ለትንሽ መረብ የተመቸ ያደረገው ባሕርይ፣ መረቡ ሲሰፋ ዋናው ሸክም ሆኖ ይገኛል፤ ባለፉት 40 ዓመታት በዘርፉ የተሠራው ሥራም ባጭሩ ሲታይ፣ መሣሪያዎች ያላወቁትን ለሁሉም እየለፈፉ ከመፈለግ ወጥተው ማን የት እንዳለ አስቀድመው እንዲያውቁ፣ ይህም ሆኖ ለተጠቃሚው የነበረው ቀላልነት እንዳይጠፋ የተደረገ ጥረት ነው።

የነገሩን ሥር ለማየት ወደ አነሣሡ መመለስ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ መግለጽ ይገባል። በ1973 በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሮበርት ሜትካፍ እና ዴቪድ ቦግስ ኮምፒውተሮችን በአንድ የጋራ ገመድ ላይ የሚያገናኝ ሥርዓት ሠሩ፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት ነበር። በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴል እና ዜሮክስ በጋራ ባወጡት ዝርዝር መግለጫ ፍጥነቱ ወደ 10 ሜጋቢት ከፍ አለ፤ በ1983 ደግሞ አይ ትሪፕል ኢ በሚል አጠራር የሚታወቀው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም እንደ ደረጃ አጸደቀው። በዚያ ሥርዓት ገመዱ የጋራ ስለነበር አንዱ የላከውን ሁሉም ይሰሙታል፤ እያንዳንዱ ማሽን በመረጃው ጥቅል፣ ማለትም በፍሬሙ፣ ፊት ላይ የተጻፈውን የተቀባይ አድራሻ አይቶ የራሱ ከሆነ ይቀበላል፣ የሌላ ከሆነ ይተወዋል።

በፍሬሙ ላይ የሚጻፈው ይህ አድራሻ ማክ አድራሻ ይባላል። ርዝመቱ 48 ቢት ሲሆን የመጀመሪያው ግማሽ አምራቹን ኩባንያ፣ ቀሪው ግማሽ መሣሪያውን ይለያል፤ ቁጥሩም መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት ይወጣል። በዚህም የተነሣ ማክ አድራሻ መሣሪያው ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። በኢንተርኔት ላይ የሚያገለግለው የአይፒ አድራሻ አደረጃጀት ግን ሌላ ነው፤ የፊተኛው ክፍል መሣሪያው የሚገኝበትን መረብ፣ የኋለኛው ክፍል በዚያ መረብ ውስጥ ያለውን መሣሪያ ያመለክታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአዲስ አበባ አንድን ሰው በስሙ ብቻ በመፈለግና ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውንና የቤት ቁጥሩን ይዞ በመፈለግ መካከል ያለውን ልዩነት ይመስላል፤ ስም ብቻ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ከመጠየቅ በቀር አማራጭ የለውም፣ ሙሉ አድራሻ የያዘ ግን የሌላውን ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች ማወቅ ሳያስፈልገው በቀጥታ ይደርሳል። ራውተር የሚባለው መሣሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ማሽኖችን በአንድ መስመር ጠቅልሎ ሊመዘግብ የቻለው አይፒ አድራሻ እንዲህ የተደራጀ በመሆኑ ነው፤ በማክ አድራሻ የሚሠራ መሣሪያ ግን ማሽኖቹን አንድ በአንድ ይመዘግባል።

በ1980ዎቹ የመሥሪያ ቤቶች መረብ እያደገ ሲሄድ አንዱ ገመድ በርዝመትም በአቅምም አልበቃ አለ፤ የተለያዩ ገመዶችን የሚያያይዘው ብሪጅ የተባለው መሣሪያም የመጣው ያኔ ነው። በዲጂታል ኩባንያ ማርክ ኬምፕፍ የፈለሰፈው ብሪጅ ታላቅ ብልኃቱ ማንም ሳያዘው ራሱ መማሩ ነው። አንድ ፍሬም በብሪጁ 3ኛ ፖርት፣ ማለትም በ3ኛው የገመድ መሰኪያ፣ ሲገባ ብሪጁ በመጀመሪያ የላኪውን አድራሻ ያነብና ወደፊት ለዚህ አድራሻ የሚላክ ሁሉ በ3ኛው ፖርት መውጣት እንዳለበት በሰንጠረዡ ይመዘግባል። ቀጥሎ የተቀባዩን አድራሻ በሰንጠረዡ ውስጥ ይፈልጋል፤ ካገኘው ፍሬሙን በዚያ ፖርት ብቻ ያወጣዋል፣ ካላገኘው ግን ፍሬሙ ከገባበት በቀር በሁሉም ፖርት ይለቀዋል። ይህ የመጨረሻው ድርጊት ፍለዲንግ ወይም ማጥለቅለቅ ይባላል። በተለመደው አሠራር 300 ሰከንድ ሙሉ ምንም ያልላከ ማሽን አድራሻው ከሰንጠረዡ ይሰረዛል። ዛሬ በየቢሮው የሚታየው ስዊች ብዙ ፖርት ያለው ብሪጅ ነው፤ ፍጥነቱ በብዙ ሺህ እጥፍ ቢያድግም የሚማርበት መንገድ ያው ነው።

ይህ አሠራር እጅግ ያማረ ቢሆንም ሦስት ዕዳዎች አሉበት፤ ሦስቱም በትንሽ መረብ ውስጥ ሳይታወቁ ይኖሩና መረቡ ሲሰፋ ይከብዳሉ። የመጀመሪያው ዕዳ የሰንጠረዡ መጠን ነው። አድራሻዎቹ ሊጠቃለሉ ስለማይችሉ በመረቡ መካከል ያለ ስዊች በእርሱ በኩል የሚነጋገሩትን ማሽኖች ሁሉ አንድ በአንድ መያዝ አለበት፤ በስዊቹ ውስጥ ያለው ፈጣን የማስታወሻ ክፍል ግን ውድና ውስን ነው። አንድ ሰርቨር በውስጡ በርካታ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን፣ መያዝ ከጀመረ ወዲህና ለእያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ማክ አድራሻ ከተሰጠ ወዲህ ችግሩ ብሷል። ሰንጠረዡ ሲሞላ ስዊቹ ወደማያውቀው አድራሻ የሚሄደውን ፍሬም ወደ ማጥለቅለቅ ይመለሳል፤ መረቡም ያለ ምንም ብልሽት እየከበደ ይሄዳል።

ሁለተኛው ዕዳ ብሮድካስት፣ ማለትም በመረቡ ላሉ ሁሉ የሚላክ መልእክት ነው። አንድ ማሽን የሌላውን አይፒ አድራሻ እያወቀ ማክ አድራሻውን ባያውቅ በ1982 የወጣውን አርፕ የተባለ ፕሮቶኮል በመጠቀም የዚህ አይፒ ባለቤት ማን እንደሆነ ለሁሉም ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ብቻ ይመልሳል፣ የቀሩት ሁሉ ግን ጥያቄውን ተቀብለው ማንበብና መጣል ግዴታቸው ነው። አሥር ማሽኖች ባሉበት ቢሮ ይህ ከቁጥር አይገባም። ብዛት ሲመጣ ግን የሚያስከትለው ጫና በአምስተርዳም የኢንተርኔት መለዋወጫ ጣቢያ ታይቷል፤ በዚያ የበርካታ ኩባንያዎች ራውተሮች በአንድ የጋራ ኢተርኔት ላይ ይገናኛሉ፣ አንድ ራውተር ሥራ ባቆመ ጊዜም የቀሩት እርሱን እየፈለጉ ያለማቋረጥ ይጠይቃሉ፣ ጥያቄውም የሌሎቹን ራውተሮች ማቀነባበሪያ ያደክማል። ጣቢያው ለዚህ ችግር የፈጠረው አርፕ ስፖንጅ የተባለ ሶፍትዌር መልስ ያጡ ጥያቄዎችን ይከታተልና ብዛታቸው ከልክ ሲያልፍ በጠፋው ራውተር ፈንታ ራሱ መልስ እየሰጠ ጠያቂዎቹን ያሳርፋል።

ሦስተኛውና እጅግ አደገኛው ዕዳ ሉፕ፣ ማለትም ፍሬም ተመልሶ የሚሽከረከርበት ክብ መንገድ ነው። የአይፒ ፓኬት፣ ማለትም በአይፒ አድራሻ የሚላክ የመረጃ ጥቅል፣ በራሱ ላይ የዕድሜ ቁጥር ይዞ ይጓዛል፤ እያንዳንዱ ራውተር ከቁጥሩ ላይ አንድ ይቀንሳል፣ ዜሮ ሲደርስም ፓኬቱ ይጣላል፣ ስለዚህ መንገድ የሳተ ፓኬት ለዘላለም አይዞርም። ለአንድ ገመድ የተነደፈው የኢተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። ሁለት ስዊቾች በሦስት ገመዶች ያለ ምንም ጥንቃቄ ቢያያዙ የሚሆነውን ማስላት ይቻላል፦ የመጀመሪያው ስዊች አንድ ብሮድካስት ሲደርሰው በሦስቱም ገመዶች ይለቀዋል፤ ሁለተኛው ስዊች እያንዳንዱን ቅጂ ከመጣበት ገመድ ውጪ ባሉት ሁለቱ ይመልሰዋልና ቅጂዎቹ 6 ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው ደግሞ በዚያው ደንብ 12 ያደርጋቸዋል። ከ10 እጥፍታ በኋላ ቅጂዎቹ 3,072፣ ከ20 እጥፍታ በኋላ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ ገመድ ላይ በሰከንድ ሊያልፉ የሚችሉት ትንንሽ ፍሬሞች ከ1.49 ሚሊዮን ስለማይበልጡ፣ ገመዶቹ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይታፈናሉ። ከዚህም በላይ የአንዱ ላኪ አድራሻ በተለያዩ ፖርቶች እየተፈራረቀ ስለሚመጣ ስዊቾቹ የተማሩት ሁሉ ይዛባል፤ ጤናማው መልእክትም መንገዱን ያጣል።

ገመድ መደራረብን መከልከል መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ አንዱ ሲበጠስ ሌላው እንዲተካ ተጨማሪ መስመር መኖሩ የግድ ነውና። ይህን እንቆቅልሽ በ1985 የፈታችው በዲጂታል ኩባንያ ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። ስፓኒንግ ትሪ በተባለው ዘዴዋ ብሪጆቹ አጫጭር መልእክት እየተለዋወጡ ከመካከላቸው ዝቅተኛ መለያ ቁጥር ያለውን ሥር አድርገው ይመርጣሉ፤ ቀጥሎም እያንዳንዱ ወደ ሥሩ የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ ይይዝና ሉፕ የሚፈጥሩትን ትርፍ መስመሮች ይዘጋል። ውጤቱ ሥርና ቅርንጫፍ ያለው፣ ነገር ግን ክብ የሌለበት ዛፍ ነው። ዘዴው በ1990 802.1ዲ በተባለው ደረጃ ውስጥ ጸደቀ፤ ኢተርኔት ከአንድ ክፍል ወጥቶ ሙሉ ሕንፃዎችን ለመሸፈን የበቃውም በእርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ስፓኒንግ ትሪ ሉፕን ያስወገደው በውድ ዋጋ ነው። የተዘጉት መስመሮች ገንዘብ ወጥቶባቸው ሥራ ፈት ይቀመጣሉ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ስዊቾችም በመካከላቸው ያለው ገመድ ከተዘጋ የሚነጋገሩት በዛፉ ሌሎች ቅርንጫፎች በኩል ዞረው ነው። በመጀመሪያው ደረጃ መሠረት አንድ መስመር ሲቋረጥ መረቡ ራሱን እስኪያስተካክል ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይወስድ ነበር፤ በ2001 የወጣው ፈጣኑ ስፓኒንግ ትሪ ይህን ጊዜ በእጅጉ ቢያሳጥርም የመንገዱን ቅርጽ አልለወጠም። ከሁሉ የከፋው ግን የጥንቃቄው አቅጣጫ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የተዘጋ ፖርት ተዘግቶ የሚቆየው ከወዲያኛው ብሪጅ በየ2 ሰከንዱ የሚላከውን የሰላምታ መልእክት እስከሰማ ድረስ ነው፤ መልእክቱ ከጠፋ መስመሩ እንደተቋረጠ ቆጥሮ ፖርቱን ይከፍታል። መልእክቱ የጠፋው መስመሩ ተበጥሶ ሳይሆን ስዊቹ በሥራ ተጨናንቆ ከሆነ፣ የፖርቱ መከፈት ሉፕ ይፈጥራል፣ ሉፑ መጨናነቁን ያባብሳል፣ መጨናነቁም ሌሎች መልእክቶችን ያጠፋል። ዘዴው ባላወቀ ጊዜ የሚመርጠው ዝምታን ሳይሆን መክፈትን በመሆኑ አደጋው ራሱን ይመግባል።

የዚህ ዓይነቱ መረብ ወሰን ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ በኅዳር ወር 2002 በቦስተን ከተማ በግልጽ ታይቷል። ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋር የሚሠራው ቤት እስራኤል ዲኮነስ የሕክምና ማዕከል ሥራውን በኮምፒውተር በማደራጀት ስሙ የተጠራ ነበር፤ መረቡ ግን በየጊዜው ሲቀጣጠል አድጎ በአብዛኛው አንድ ወጥ የብሪጅ መረብ ሆኖ ነበር፣ በአንዳንድ አቅጣጫዎችም ለስፓኒንግ ትሪ የተመከረውን የ7 ብሪጆች ርቀት አልፎ ነበር። አንድ ተመራማሪ የለቀቀው ከፍተኛ የመረጃ ጎርፍ በመረቡ ላይ ሲወርድ ስፓኒንግ ትሪ ተናጋ፣ መረቡም ለ4 ቀናት ያህል ተንገዳግዶ ሆስፒታሉ ወደ ወረቀት ተመለሰ፤ የላቦራቶሪ ውጤትና የመድኃኒት ትእዛዝ በሰው እጅ ይመላለስ ጀመር። የማዕከሉ የመረጃ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ጆን ሃላምካ የደረሰውን ሳይሸሽጉ ለሕዝብ አቅርበውታል፤ በዚህም ለሙያው ትልቅ ውለታ ውለዋል። ትምህርቱም ግልጽ ነው፦ በአንድ ማዕዘን የተፈጠረ ጫና የሆስፒታሉን አልጋዎች ሁሉ ሊነካ የቻለው በመካከላቸው የሚያግድ ወሰን ስላልነበረ ነው።

ወሰን ለማበጀት የቆየው መንገድ መረቡን በራውተር መከፋፈል ነው። ትልቁ መረብ ሰብኔት በተባሉ ትንንሽ መረቦች ይቆራረጥና ብሮድካስትም፣ ማጥለቅለቅም፣ ሉፕም በየሰብኔታቸው ይታጠራሉ፤ በመካከል ያሉት ራውተሮች ደግሞ ካርታውን ስለሚያውቁ ሁሉንም መስመር ይጠቀማሉ፣ አጭሩንም መንገድ ይመርጣሉ። ጉዳቱ በተንቀሳቃሹ ማሽን ላይ ነው። አይፒ አድራሻ ቦታን ስለሚናገር ማሽኑ ከአንድ ሰብኔት ወደ ሌላው ሲዛወር አድራሻው ይለወጣል፣ የጀመረው ግንኙነትም ይቋረጣል፤ በሥራ ላይ እያለ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው የሚዛወር ቨርቹዋል ማሽን ይህን ሊታገሥ አይችልም። እያንዳንዱን ሰብኔት ማቀድ፣ መመዝገብና መቆጣጠርም የባለሙያ ጊዜ ይጠይቃል።

በ1998 በ802.1ኪው ደረጃ የጸደቀው ቪላን በብሪጅና በራውተር መካከል ያለውን ርቀት ለማጥበብ የመጣ ነው። ቪላን በአንድ ስዊች ላይ ያሉ ፖርቶችን በተለያዩ ቡድኖች ከፋፍሎ እያንዳንዱን ቡድን ራሱን እንደቻለ መረብ ያደርጋል፤ ፍሬሙ ላይ በሚለጠፈው ምልክትም ቡድኑ ከስዊች ወደ ስዊች ይታወቃል። ለቡድኑ ቁጥር የተሰጠው ቦታ 12 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ4,094 በላይ ቡድኖችን መፍጠር አይቻልም፤ ለአንድ ድርጅት ይህ ብዙ ነው፣ ብዙ ሺህ ደንበኞችን ለሚያስተናግድ የቴሌኮም ኩባንያ ወይም የመረጃ ማዕከል ግን ያጥራል። በ2005 በምልክት ላይ ምልክት መለጠፍ፣ በ2008 ደግሞ የደንበኛውን ሙሉ ፍሬም በኩባንያው ፍሬም ውስጥ መጠቅለል የተፈቀደው ለዚህ ነው፤ ሁለተኛው ዘዴ የቡድኑን መለያ ወደ 24 ቢት ከፍ ከማድረጉም በላይ የመካከለኞቹ ስዊቾች የደንበኞችን ማክ አድራሻ ከመሸከም እንዲያርፉ አድርጓል።

ጥቅሉ ሸክሙን ቢያቃልልም መንገድ አይመርጥም። የብሪጅን ቀላልነት ከራውተር ዕውቀት ጋር ማጋባት እንደሚቻል በ2004 ያሳየችው ያችው ራዲያ ፐርልማን ናት፤ የራስዋን ዘዴ ጉድለት ከማንም በላይ የምታውቅ ሰው ራሷ ተተኪውን ማቅረቧ ሊመሰገን የሚገባው የሳይንስ ሥነ ምግባር ነው። በ2011 ትሪል በሚል ስም በደረጃነት የወጣው ይህ ሐሳብ ሊንክ ስቴት በተባለው የራውተሮች ጥበብ ላይ የተመሠረተ ነው። እያንዳንዱ ስዊች ስለ ጎረቤቶቹ ብቻ የሚናገር አጭር መግለጫ ለሌሎቹ ስዊቾች ያሰራጫል፤ ሁሉም መግለጫዎቹን ሰብስበው አንድ ዓይነት የመረብ ካርታ ይሠራሉ፣ ከዚያም ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1959 ባሳተመው የስሌት ዘዴ ወደ እያንዳንዱ ስዊች የሚወስደውን አጭር መንገድ ያገኛሉ። የተጠቃሚው ፍሬም ወደ መረቡ ሲገባ የመጀመሪያው ስዊች የመድረሻውን ስዊች መለያና የዕድሜ ቁጥር በላዩ ላይ ያደርግበታል፤ የመጨረሻው ስዊች ደግሞ ይህን አንሥቶ ፍሬሙን እንዳለ ለባለቤቱ ያስረክባል። እንግዲህ መንገድ የሳተ ፍሬም ዕድሜው ያልቃል፣ ትርፍ መስመሮችም ሥራ ላይ ይውላሉ፣ የመካከለኞቹ ስዊቾች የሚያውቁትም ስዊቾችን እንጂ ማሽኖችን አይደለም። በ2012 የጸደቀው 802.1ኤኪው የተባለው ደረጃም በተመሳሳይ መንገድ ሄዷል።

እነዚህ ደረጃዎች መንገዱን ቢያቀኑም አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቆይቷል፤ ይኸውም የተፈለገው ማሽን በየትኛው ስዊች ሥር እንዳለ ማን ይናገራል የሚለው ነው። በ2004 አንዲ ማየርስ፣ ዩጂን ኢንግ እና ሁዪ ዣንግ ኢተርኔትን ወደ አንድ ሚሊዮን ማሽኖች ስለማሳደግ ባቀረቡት ጽሑፍ ዋናው ማነቆ ብሮድካስት መሆኑን አመልክተው፣ አገልግሎቱ ራሱ እንዲለወጥ ሐሳብ አቀረቡ። በ2008 ደግሞ ቻንግሁን ኪም፣ ማቲው ሲዘር እና ጄኒፈር ሬክስፎርድ ሲያትል የተባለውን ንድፍ አወጡ፤ የአሠራሩ ውበት በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። አንድ ማሽን ከስዊች ጋር ሲገናኝ ስዊቹ የማሽኑን ማክ አድራሻ ሃሽ በተባለ የሒሳብ ቀመር ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ቀመሩ ለተመሳሳይ አድራሻ ምንጊዜም ተመሳሳይ ውጤት ስለሚሰጥ ውጤቱ በመረቡ ካሉት ስዊቾች አንዱን መዝጋቢ አድርጎ ይጠቁማል፣ የማሽኑ መገኛም በዚያ ስዊች ዘንድ ብቻ ይመዘገባል። ያን ማሽን የሚፈልግ ሌላ ስዊች ያንኑ ቀመር ተጠቅሞ መዝጋቢው ማን እንደሆነ ያውቃልና በቀጥታ እርሱን ይጠይቃል፤ ያገኘውንም መልስ ለቀጣዩ ጊዜ ያስቀምጣል። የአርፕ ጥያቄም በዚሁ መንገድ ለሁሉም መለፈፉ ቀርቶ ለአንድ መዝጋቢ ይላካል። አንድ መዝጋቢ ሲወድቅ ወደ ሌሎቹ የሚተላለፈው የእርሱ ድርሻ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ማንም ሁሉንም አያውቅም፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፣ ለስፋትም መሠረቱ ይኸው ነው።

ዛሬ በግዙፍ የመረጃ ማዕከላት የሚሠራበት መንገድ የእነዚህን ሐሳቦች ፍሬ በሌላ መልክ ያሳያል። የግንባታው ቅርጽ የተወሰደው ቻርልስ ክሎስ በ1953 ለስልክ ማዞሪያ ካወጣው ንድፍ ነው፤ ትንንሽና ርካሽ ስዊቾች በደረጃ ተደርድረው የታችኛው ረድፍ እያንዳንዱ ስዊች ከላይኛው ረድፍ ጋር በብዙ መስመር ይያያዛል። በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የወጣ ጥናት ባለ 48 ፖርት ተራ ስዊቾችን በሦስት ደረጃ በመደርደር ብቻ 27,648 ሰርቨሮችን በሙሉ ፍጥነት ማገናኘት እንደሚቻል በስሌት አሳይቷል። ይህ ቅርጽ ጥቅም የሚሰጠው መስመሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲሠሩ ነውና በስፓኒንግ ትሪ ሥር ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ከመቶ ሺህ ሰርቨር በላይ ለሚይዙ ማዕከላት በ2016 በወጣ መመሪያ እንደተገለጸው፣ በየስዊቹ መካከል ያለው ግንኙነት ሁሉ በራውቲንግ፣ ያውም የኢንተርኔትን ታላላቅ መረቦች በሚያገናኘው ቢጂፒ በተባለ ፕሮቶኮል ይመራል፤ እኩል ርቀት ያላቸው መንገዶችም ጭነቱን ይካፈላሉ።

አድራሻቸውን ሳይለውጡ መዛወር ለሚያስፈልጋቸው ቨርቹዋል ማሽኖች ደግሞ በዚህ ጽኑ መሠረት ላይ ሌላ ንጣፍ ይዘረጋል። በ2014 የታወጀው ቪኤክስላን ሙሉውን የኢተርኔት ፍሬም በአይፒ ፓኬት ውስጥ ጠቅልሎ ያጓጉዛል፤ 24 ቢት በሆነው መለያውም ከ16 ሚሊዮን በላይ የተለያዩ መረቦችን ይፈቅዳል፣ በያንዳንዱ ፍሬም ላይ ግን 50 ባይት ያህል ስለሚጨምር ከሥር ያሉት መስመሮች ከተለመደው የሚበልጥ ፓኬት እንዲያሳልፉ መስተካከል አለባቸው። መጀመሪያ በወጣበት መልክ ቪኤክስላን ያላወቀውን አድራሻ የሚፈልገው በቆየው መንገድ፣ በማጥለቅለቅ ነበር፤ መጠቅለል ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል። ጉድለቱን የሞላው በ2015 የወጣው ኢቪፒኤን ነው፦ አንድ ስዊች በራሱ ፖርት ላይ የተማረውን የማክና የአይፒ አድራሻ በቢጂፒ በኩል ለሌሎቹ ያስታውቃል፤ እነርሱም የአርፕ ጥያቄ ሲደርሳቸው ለመላው መረብ ሳያሰሙ እዚያው ይመልሳሉ። ማሽኑ ሲዛወር አዲሱ ስዊች በከፍተኛ ተራ ቁጥር ያስታውቃል፣ አሮጌው መረጃም ይሻራል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለትልቁ የመረጃ ማዕከል ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ሆስፒታል፣ ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም መሥሪያ ቤት መረቡን ሲያሰፋ የሚገጥመው ጥያቄ ያው ነው። መረብ የሚነድፍ ባለሙያ ስለ ስዊቹ ፍጥነትና ዋጋ ከመጠየቁ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መመለስ ይጠበቅበታል፦ የአንድ ማሽን መገኛ የሚታወቀው በምን መንገድ ነው፤ ያ ዕውቀት እስከ የትኛው መሣሪያ ድረስ መድረስ አለበት፤ አንድ ማዕዘን ሲበላሽስ ጉዳቱ የሚቆመው የት ላይ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኢቪፒኤንም ቢሆን አንድን ቪላን ከሕንፃ ወደ ሕንፃ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘረጋ ብሮድካስቱን አብሮ ይዘረጋዋል፤ ስለዚህ መዘርጋት መቻሉ መዘርጋት እንደሚገባ አያስረዳም፣ የሚዘረጋውም ሥራው የግድ ሲል ብቻ ሊሆን ይገባል።

ለዕውቀትም ዋጋ እንዳለው መካድ አይቻልም። ሊንክ ስቴት፣ ቢጂፒና ኢቪፒኤን የሚገባቸውን ባለሙያ፣ ሥርዓት ያለው መዝገብና ተከታታይ ጥበቃ ይጠይቃሉ፤ ሃምሳ ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ሁለት ስዊችና በአግባቡ የተዋቀረ ስፓኒንግ ትሪ ይበቁታል፣ በዚያ ላይ የመረጃ ማዕከልን ውስብስብነት መጫን ጥበብ አይሆንም። ስሕተቱ ለሃምሳ የተሠራው ዘዴ ያለ ጥያቄ ለአምስት ሺህ ሲቀጥል ነው፤ መረብ የሚያድገው በአንድ ቀን ሳይሆን አንድ ስዊች ዛሬ፣ አንድ ስዊች ነገ እየተጨመረ ስለሆነ ወሰኑ የታለፈበትን ቀን ማንም አያስተውለውም። ከስፓኒንግ ትሪ እስከ ኢቪፒኤን የተሠራው ሥራ እንዳረጋገጠው፣ ለተጠቃሚው ገመዱን ሰክቶ የመሥራት ቀላልነትን ጠብቆ በውስጥ ግን መንገዱን በሚገባ የሚያውቅ መረብ መገንባት ይቻላል። ይህ ከተቻለ ዘንድ የሕሙማን ሕይወት፣ የሰዎች ገንዘብና የተማሪዎች ሥራ የሚያልፍበትን መረብ ብልሽት እስኪደርስበት መጠበቅ አይገባም፤ ወሰኑን አስቀድሞ ማስላትና ማበጀት የመሐንዲሱ የሙያ ግዴታ ነው፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ጊዜና በጀት መፍቀድ ደግሞ የተቋሙ ኃላፊዎች ግዴታ ነው።